ፕሬዚዳንቱ ወደ ኒውክሌር ስምምነት ብቻቸውን መመለስ ይችላሉን? የገደብ ሕግን አንብቦ ለመመዘን የሚረዳ መመሪያ

አንድ መሪ አገሩን ከዓለም አቀፍ የኒውክሌር ስምምነት ካስወጣ በኋላ ተተኪው «እንመለሳለን» ብሎ ሲያስታውቅ፣ ዜናው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል፤ የሕጉ ጥያቄ ግን ገና ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ቃሉን የሰጠው ሥራ አስፈጻሚው ነው፤ ቃሉን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ሥልጣንስ በእርሱ እጅ ነው ወይስ በምክር ቤቱ? ምክር ቤቱ ሊያግደው ቢፈልግ በምን ያህል ድምፅ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በየትኛው መንገድ ያግደዋል? ይህ መመሪያ አንባቢው የገደብ ሕግን፣ ማለትም ምክር ቤቱ የሥራ አስፈጻሚውን እጅ ለመያዝ የሚያወጣውን ሕግ፣ በራሱ እያገላበጠ እነዚህን ጥያቄዎች እንዲመልስ ለመርዳት የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የተዘጋጀው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም መንደር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሚገናኘው የንባብ ቡድናችን ነው። በቡድኑ ውስጥ የሕግ ተማሪዎች፣ የዜግነት ትምህርት መምህራንና ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። የዋሽንግተንና የቴህራን፣ ማለትም የአሜሪካና የኢራን የኒውክሌር ስምምነት ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ጥያቄ ገና ከጅምሩ ተነሥቶ ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም ሩቅ አይደለም። ነዳጃችን ከውጭ ተገዝቶ የሚገባ በመሆኑ በሆርሙዝ ሰርጥ ላይ የሚነሣ ውጥረት የዓለምን ዋጋ አንሮ ከከተማው ጫፍ ወደ መሐል በምንሄድበት ታክሲ ታሪፍ ላይ ሳይቀር ይደርሳል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ሶቺ ላይ ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይልን ለሰላማዊ ዓላማ ለመጠቀም የሚያስችል የትብብር ስምምነት ተፈራርማለች። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ውል ላይ የሕዝብ ተወካዮች ድርሻ ምን ድረስ እንደሆነ መጠየቅ የእኛም ጉዳይ ነው።

ለማሳያ የምንይዘው እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2015 ቪየና ላይ የተደረሰውን የኢራን የኒውክሌር ስምምነት ነው። በአንድ ወገን ኢራን፣ በሌላው ወገን ደግሞ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሩሲያና ቻይና ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ነበሩ። ኢራን ዩራኒየም የምታበለጽግበት መጠን ከ3.67 በመቶ፣ የምታከማቸው የበለጸገ ዩራኒየም ደግሞ ከ300 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ ተወስኖ፣ በምላሹ ከኒውክሌር ጋር የተያያዙ ማዕቀቦች እንዲነሡላት ተስማሙ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2018 አሜሪካን ከስምምነቱ አስወጡ። ፕሬዚዳንት ባይደን ለመመለስ ፈልገው ከ2021 ጀምሮ ድርድር ቢካሄድም አልተሳካም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በአሜሪካ ምክር ቤት (ሴኔቱንና የተወካዮች ምክር ቤቱን በያዘው ኮንግረስ) ዘንድ የተነሣው ክርክር በተጻፈ ሕግ ላይ የቆመ ስለነበረ ለልምምድ የተመቸ ነው።

ሰነዱ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ

ባዶ ወረቀት ይውሰዱና በራሱ ላይ የስምምነቱን ስም ይጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ «በማን ጸደቀ?» ብለው ይጠይቁ። የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ አገር ጋር ቃል የሚገባባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ የምክር ቤቱ ድርሻም በሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሁለት መሠረት የሚደረገው ውል ነው። ይህን ፕሬዚዳንቱ የሚያጸድቁት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ፣ ማለትም ሴኔቱ፣ በስብሰባው ከተገኙት አባላት በሁለት ሦስተኛው ድምፅ ሲስማማ ነው። የኒውክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ውል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1996 ፈረመችው፤ ሴኔቱ ግን ኦክቶበር 13 ቀን 1999 በ51 ተቃውሞና በ48 ድጋፍ አልተቀበለውም። ከዚያ ወዲህ የተነሣ ማንኛውም ፕሬዚዳንት ውሉን ቢደግፍ እንኳ ሴኔቱን አልፎ አገሩን የውሉ ተዋዋይ ሊያደርግ አልቻለም። ሁለተኛው መንገድ ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ሥልጣን ወይም ሕግ በሰጣቸው ፈቃድ የሚያደርጉት አስተዳደራዊ ስምምነት ነው። ሦስተኛው በዓለም አቀፍ ሕግ ፊት አስገዳጅ ያልሆነ ፖለቲካዊ ቃል ኪዳን ነው።

የ2015ቱ ስምምነት የሚመደበው ከሦስተኛው ወገን ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለአንድ የምክር ቤት አባል በጻፈው ደብዳቤ ሰነዱ ውልም አስተዳደራዊ ስምምነትም እንዳልሆነ፣ የተፈረመ ሰነድ እንኳ እንዳልሆነ ገልጿል። በእኛ መንደር አካባቢ ቦታ ገዝቶ የሠራ ሰው ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፦ በመንደር ውል የተያዘ ቦታ ሻጭና ገዢ እስከተማመኑ ድረስ ያኖራል፤ በውልና ማስረጃ ፊት የተፈጸመውን ግን ሻጩ ሐሳቡን ስለለወጠ ብቻ አያፈርሰውም። ሴኔቱ ያላጸደቀው ቃል ኪዳን በመሆኑ በ2018 ለመውጣት የአንድ ሰው ውሳኔ በቂ ሆነ፤ በዚያው ሚዛን ለመመለስም የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አያስፈልግም ነበር። እንግዲያው ገደቡ ከየት ይመጣል?

መመለሱን ከመመለሻው ዋጋ ይለዩ

ገደቡ የሚገኘው በአብዛኛው በስምምነቱ ውስጥ ሳይሆን ስምምነቱ በሚጠይቀው ዋጋ ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ «ተመልሰናል» ማለት ይችላሉ፤ ኢራን የምትጠብቀው ግን ማዕቀቡ ሲነሣ ማየትን ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ይክፈሉ፤ በግራ አገሪቱ የምትገባውን ግዴታ አንድ በአንድ ይጻፉ፣ በቀኝ ደግሞ ያንን ለመፈጸም ሥልጣን የሚሰጠውን የአገር ውስጥ ሕግ።

በቀኙ ዓምድ ሁለት ዓይነት ማዕቀብ ያገኛሉ። አንዳንዶቹ ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ላይ ተመርኩዘው በትእዛዝ የጣሏቸው ናቸው፤ በትእዛዝ የመጣ በትእዛዝ ሊነሣ ይችላል። ሌሎቹ ግን ምክር ቤቱ ራሱ በሕግ የጣላቸው ናቸው፤ እነዚህን ፕሬዚዳንቱ መሻር አይችሉም፣ ሕጉ ቀዳዳ ከተወላቸው ግን ለተወሰነ ጊዜ ተፈጻሚነታቸውን ያቆያሉ። ቀዳዳው በቀን የተለካ ነው፤ በአንዳንዱ ሕግ 120 ቀን፣ በሌላው 180 ቀን። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 12 ቀን 2018 ማዕቀቡን ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያቆዩት ሲያስታውቁ፣ ጋዜጦች ወዲያው ሜይ 12ን ቀነ ገደብ አድርገው የጻፉት ከዚሁ ሕግ 120 ቀን ቆጥረው ነው። ቀን ያለው ሥልጣን ሁልጊዜ መታደስን ይጠይቃል፤ መታደስ ያለበት ቃል ኪዳን ደግሞ በየአራት ወሩ ለጥያቄ ይቀርባል። ይህን በወረቀትዎ ላይ ሳያሰፍሩ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

የገደብ ሕጉን እርሳስ ይዘው ያንብቡ

አሁን ወደ ዋናው ሕግ ደረስን። የኢራን የኒውክሌር ስምምነት ግምገማ ሕግ በ98 ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ በሴኔቱ፣ በ400 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ በተወካዮች ምክር ቤቱ አልፎ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ሜይ 22 ቀን 2015 ፈርመውበታል። ስምምነቱ ገና ሳይደረስ፣ ድርድሩ እየተካሄደ ሳለ የወጣ ሕግ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቁጥሩ 114-17 ነው።

መጀመሪያ ትርጉሙን ያስምሩበት። ሕጉ «ስምምነት» የሚለው ከኢራን የኒውክሌር ፕሮግራም ጋር የተያያዘና አሜሪካ የምትገባበትን ማንኛውንም ስምምነት ነው፤ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ አስገዳጅ ይሁንም አይሁን። ባለፈው ክፍል ያየነው ትልቅ ክፍተት፣ ማለትም ሰነዱ ውል ስላልሆነ ምክር ቤቱ አያገባውም የሚለው መከራከሪያ፣ በዚህ አንድ ትርጉም ተዘጋ። ጥሩ የገደብ ሕግ የሚታወቀው ከዚህ ነው፤ ሥራ አስፈጻሚው የሰነዱን ስም ለውጦ እንዳያመልጥ ደጁን ቀድሞ ይይዛል።

ቀጥለው ሰዓቱ ከመቼ እንደሚቆጥር ይፈልጉ። ፕሬዚዳንቱ ስምምነት ላይ በተደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ሰነዱን ከነአባሪዎቹ ለምክር ቤቱ ማስተላለፍ አለባቸው። ምክር ቤቱ የሚገመግምበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ በጁላይ 10 እና በሴፕቴምበር 7 ቀን 2015 መካከል የተላለፈ ከሆነ ግን 60 ቀን እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። ስምምነቱ ጁላይ 19 ተላለፈ፣ ጊዜውም ሴፕቴምበር 17 አበቃ።

ከዚያ የተከለከለውን ድርጊት ያስምሩበት። ሰነዱ ሳይተላለፍና በግምገማው ጊዜ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ በሕግ የተጣሉ ማዕቀቦችን ማንሣት፣ ማገድም ሆነ ማቅለል አይችሉም። ይህን ድንጋጌ ከቡድናችን አባላት ጋር ስናነብ ረጅም ጊዜ ቆመንበታል፤ ሕጉ በሚጣስበት ጊዜ ምን እንደሚሆን መልሱን በውስጡ ይዟልና። ፕሬዚዳንቱ ሰነዱን ባያስተላልፉ ማንም ፍርድ ቤት ሳይሄድ ማዕቀቡ ባለበት ይቆያል። ከዚህ ጋር ለማነጻጸር የሰማይ ቅኝት ውሉን፣ ማለትም ተዋዋይ አገሮች መሣሪያ ባልያዘ አውሮፕላን አንዱ የሌላውን ግዛት ከሰማይ እንዲቃኝ የሚፈቅደውን ውል፣ ይውሰዱ፦ ምክር ቤቱ የ2020 በጀት ዓመት የመከላከያ ሕግን ሲያወጣ መንግሥት ከዚህ ውል ለመውጣት ከማስታወቁ 120 ቀን በፊት ለምክር ቤቱ እንዲያሳውቅ አዝዞ ነበር፤ መንግሥት ግን ትእዛዙ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ይነካል በሚል ሳይጠብቀው ቀርቶ አሜሪካ ኖቬምበር 22 ቀን 2020 ከውሉ ወጣች። ትእዛዙ ነበረ፤ ሲጣስ የሚያስከትለው ነገር ግን አልነበረም።

ሕጉ በ2015ቱ ስምምነት ላይ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ለመመለስ ድጋሚ ይሠራል ወይ የሚለው ከ2021 በኋላ ዋናው ክርክር ሆነ። አንደኛው ወገን ምክር ቤቱ ያንን ስምምነት ገምግሞ ጨርሷል፣ መመለስ አዲስ ስምምነት አይደለም ይላል። ሌላው ወገን መመለሻው አዲስ የጊዜ ሰሌዳና አዲስ ቅድመ ሁኔታ ያለው በመሆኑ ራሱን የቻለ ስምምነት ነው፣ አምስቱ ቀን እንደገና ይቆጠራል ይላል። የባይደን አስተዳደር የኢራን ጉዳይ ልዩ መልእክተኛ ሮበርት ማሊ እ.ኤ.አ. ሜይ 2022 ለሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሲናገሩ ስምምነት ከተደረሰ ለግምገማ እንደሚቀርብ ቃል ገብተዋል። እኔም ሁለተኛው ንባብ ለሕጉ ዓላማ ይቀርባል ባይ ነኝ፤ ትርጉሙን ያን ያህል ያሰፋ ሕግ አውጪ በ«መመለስ» ስም የሚመጣን ሰነድ ሆን ብሎ ይተወዋል ማለት ያስቸግራል።

ዝም ቢልስ ብለው ይጠይቁ፣ ከዚያ ድምፁን ይቁጠሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ይህን ይያዝ፦ የገደብ ሕግን ጥንካሬ የሚለካው ምክር ቤቱ ዝም ባለ ጊዜ ማን እንደሚያሸንፍ ነው። የከለከለው ነገር ብዛትም ሆነ የቃላቱ ቁጣ ብዙ አይነግርዎትም። ምክር ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ይከፋፈላል፣ ጊዜ ያልፍበታል፣ ድምፅ ይጎድለዋል።

ሴኔቱ 100 አባላት አሉት። ሁሉም ቢገኙ ውል ለማጽደቅ 67 ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 34 ተቃዋሚዎች ውሉን ያስቀራሉ፤ ድምፁ ካልተሰበሰበ ውሉ የለም። የግምገማው ሕግ ይህን ስሌት ገልብጦታል። ምክር ቤቱ ስምምነቱን ለማስቆም የተቃውሞ ውሳኔ ማሳለፍ አለበት፤ ውሳኔው ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ ስምምነቱን ያደረጉት ፕሬዚዳንት ደግሞ ውሳኔውን ውድቅ ማድረጋቸው አይቀርም፤ ያንን ለመሻር በሴኔቱ 67፣ 435 አባላት ባሉት የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 290 ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሁን 34 ሴኔተሮች ከፕሬዚዳንቱ ጋር መቆማቸው ስምምነቱን ለማትረፍ ይበቃል። ውል ቢሆን ኖሮ ለማስቀረት ይበቃ የነበረው ቁጥር፣ በግምገማው ሕግ ለማዳን የሚበቃ ሆነ።

በእውነት የሆነውም ከዚህ ቀድሞ ነው ያለቀው። በሴኔቱ ሥርዓት ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2015 የተገኘው 58 ለ42 ነበር። በማግስቱ በተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቱን የማጽደቅ ሐሳብ ቀርቦ 162 ሲደግፉት 269 ተቃወሙት። በሁለቱም ምክር ቤቶች አብዛኛው ተቃወመ፤ ስምምነቱ ግን ጸና፣ ጊዜው ሲያልቅ ፕሬዚዳንቱ የተቃውሞ ውሳኔን ውድቅ ለማድረግ እንኳ ብዕር ማንሣት አላስፈለጋቸውም። ከቡድናችን አንዲት የሕግ ተማሪ ቁጥሮቹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስትጨርስ፣ «ታዲያ አብዛኛው እምቢ ያለውን እንዴት ገደብ እንለዋለን?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ያ ሕግ ፕሬዚዳንቱን ያዘገየ፣ ሰነዱን ለአደባባይ ያወጣ፣ በየ90 ቀኑም ስለ ኢራን አፈጻጸም ማረጋገጫ እንዲሰጡ ያስገደደ ሕግ ነው፤ ያገደ ሕግ ግን አይደለም።

ምክር ቤቱ ለምን በቀላል አብላጫ ድምፅ የሚያግድበትን መንገድ አላበጀም? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 በቻዳ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ ሳያቀርብ በራሱ ውሳኔ ብቻ የሥራ አስፈጻሚውን ድርጊት መሻር እንደማይችል ስለወሰነ ነው። የቀረው መንገድ ዝምታውን መገልበጥ ነው፦ «ምክር ቤቱ ካልተቃወመ ይፈጸማል» ከማለት ይልቅ «ምክር ቤቱ ካላጸደቀ አይፈጸምም» ብሎ መጻፍ። ምክር ቤቱ ይህን ማድረግ እንደሚችል በዲሴምበር 2023 በወጣው የመከላከያ ሕግ አሳይቷል፤ በዚያ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም ያለ ምክር ቤቱ ሕግ አገሪቱን ከኔቶ ማስወጣት አይችሉም። በዚህኛው ዝምታው ለምክር ቤቱ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ ያለኝን አቋም መደበቅ አልፈልግም። አሥራ አምስት ዓመት የሚዘልቅ የኒውክሌር ገደብ በአራት ዓመት ምርጫ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም ብዬ አምናለሁ፤ ተደራዳሪው ወገን የሚያምነው ከመሪው በኋላም የሚኖር ፊርማ ሲያይ ነው። ምክር ቤቱን ማሳመን ድርድሩን ያረዝመዋል፣ አንዳንዴም ያስቀረዋል። ነገር ግን ሳይጸድቅ ተቀብለን በሦስት ዓመት ውስጥ ሲፈርስ ካየነው ስምምነት ይልቅ፣ ዘግይቶ የሚጸድቀው ለኢራን ሕዝብም ለጎረቤቶቿም የበለጠ ዋስትና ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

ፍርድ ቤት ይዳኘዋል ብለው ድምዳሜዎን በእርሱ ላይ አያቁሙ። ፕሬዚዳንት ካርተር ከታይዋን ጋር የነበረውን የመከላከያ ውል ሲያቋርጡ ሴኔተር ጎልድዋተር ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በዲሴምበር 1979 ጉዳዩን ሳይዳኝ አሰናበተው።

ሁለተኛው፣ በዜና የሚሰሙት «ፕሬዚዳንቱን የሚከለክል ሕግ» ረቂቅ ይሁን ጸድቆ የወጣ ሕግ ያጣሩ። ወደ ኢራኑ ስምምነት መመለስን በገንዘብ ክልከላም ሆነ በሌላ መንገድ ለማገድ ብዙ ረቂቆች ቀርበዋል፤ የቀረበ ረቂቅ ግን በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ እስካልተፈረመ ድረስ ማንንም አያስርም። በወረቀትዎ ላይ ቁጥር የሌለውን ሕግ አያስፍሩ።

የሌላኛውን ወገን ምክር ቤት አይርሱ

አብዛኛው ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል፤ እኔ ግን የጉዳዩን ግማሽ የያዘ ነው እላለሁ። ኢራንም ምክር ቤት አላት፣ የሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 77 ዓለም አቀፍ ውሎች በዚያ ምክር ቤት እንዲጸድቁ ይደነግጋል። የ2015ቱን ስምምነት የሚመለከተው ሕግ በኦክቶበር 13 ቀን 2015 በ161 ድጋፍ፣ በ59 ተቃውሞና በ13 ድምፀ ተዓቅቦ አልፏል።

አሜሪካ ከወጣች በኋላ ነገሩ ጠነከረ። በዲሴምበር 2020 የኢራን ምክር ቤት መንግሥት ዩራኒየም እስከ 20 በመቶ እንዲያበለጽግ፣ ማዕቀቡ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተነሣ ደግሞ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሰፊ የፍተሻ ዕድል የሚሰጠውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል መፈጸሙን እንዲያቆም የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የፕሬዚዳንት ሩሃኒ መንግሥት ሕጉን በይፋ ተቃውሞት ነበር፤ ሆኖም ማበልጸጉ በጃንዋሪ 2021 ተጀመረ፣ ተጨማሪ ፕሮቶኮሉም በፌብሩዋሪ 23 ቆመ። ስለዚህ ቪየና ላይ በተዘዋዋሪ የተደራደሩት ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ከኋላቸው የገደብ ሕግ ነበራቸው፤ አንደኛው ማዕቀቡን ቶሎ እንዳያነሣ፣ ሌላኛው ማዕቀቡ ሳይነሣ እንዳይመለስ የሚይዝ። ድርድሩን የተከታተለ ሰው «ማን ይቅደም?» የሚለው ነገር ያን ያህል ጊዜ የወሰደበትን አንዱን ምክንያት እዚህ ያገኛል።

ዛሬ ላይ ሆነው ሲጽፉ ደግሞ ሰነዱ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ። ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ጀርመን በኦገስት 28 ቀን 2025 የቀድሞ ማዕቀቦችን የሚመልሰውን ሥርዓት አስጀምረው፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀቦች እንደተመለሱ ታውጇል፤ ሩሲያና ቻይና ይህን አልተቀበሉትም። የኢራን ምክር ቤትም በጁን 2025 ከደረሰው ጥቃት በኋላ ከኤጀንሲው ጋር ያለው ትብብር እንዲታገድ ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ ወደፊት የሚመጣው ነገር የ2015ቱን መቀጠል ሳይሆን አዲስ ስምምነት የመሆኑ ዕድል ይሰፋል፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ የአምስቱ ቀን ግዴታ ክርክር አያስፈልገውም።

በራሳችን ሕግ ላይ ይሞክሩት

ይህንኑ ወረቀት ወደ ኢትዮጵያ ያዙሩት። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 ሥራ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚያጸድቅ ይናገራል፤ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ የጸደቁት ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ይደነግጋል። ዝም ቢልስ ብለው ይጠይቁ፤ በእኛ ሕገ መንግሥት ዝምታው ማጽደቅ አይደለም፣ አዎንታዊ ድምፅ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ያስሉ፦ በአንቀጽ 58 መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሆነው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው፣ በአንቀጽ 59 መሠረት ውሳኔ የሚያልፈው በአብላጫ ድምፅ ነው። ከ547 መቀመጫ 274 አባላት ቢገኙና ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ 138 ድምፅ ያጸድቃል። ከአሜሪካው 67 ከመቶ ጋር ሲነጻጸር ደጃፉ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሳይነካው የሚከፈት አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ ከስምምነት ስለ መውጣትና ስለ መመለስ በግልጽ አይናገርም። ስለዚህ የዓለም አቀፍ ስምምነቶች መዋዋያና ማጽደቂያ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1024/2009ን ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ አውጥተው ያንብቡ፤ ትርጉሙን፣ የትኞቹ ስምምነቶች ለምክር ቤቱ እንደሚቀርቡና ሥራ አስፈጻሚው ብቻውን የሚጨርሳቸው የትኞቹ እንደሆኑ በእርሳስ ያስምሩ። በቡድናችን ይህን ልምምድ የምንጀምረው ሁልጊዜ ከትርጉም አንቀጹ ነው፤ አንድ የኒውክሌር የመግባቢያ ሰነድ በዚያ ትርጉም ውስጥ ይወድቃል ወይስ ከውጭ ይቀራል የሚለው ቀሪውን ሁሉ ይወስናልና።

ለቀጣዩ ልምምድ የሩሲያና የአሜሪካን የስትራቴጂ የጦር መሣሪያ ቅነሳ ውል፣ አዲሱን ስታርት፣ ይውሰዱ። ሴኔቱ በዲሴምበር 22 ቀን 2010 በ71 ድጋፍና በ26 ተቃውሞ አጽድቆታል፤ አንቀጽ 14 ከመጀመሪያው አሥር ዓመት በኋላ ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲራዘም ይፈቅዳል። በ2021 መጀመሪያ ሲራዘም የሩሲያ ሁለቱ ምክር ቤቶች ጃንዋሪ 27 ቀን በሕግ አጸደቁት፤ በዋሽንግተን ግን አዲስ ድምፅ አልተጠየቀም፣ ምክንያቱም ማራዘሚያው ሴኔቱ ቀድሞ ባጸደቀው ጽሑፍ ውስጥ ነበረ። የተራዘመው ጊዜ ማብቂያ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ፕሬዚዳንት «ገደቦቹን እንጠብቃለን» ቢሉ፣ በወረቀትዎ ራስ ላይ የሰነዱን ዓይነት፣ በቀኙ ዓምድ የሚያስፈልገውን ሥልጣን፣ ከታች ደግሞ የድምፁን ስሌት ይጻፉ፤ በአንቀጽ 14 ሊጠቀሙ ይችሉ እንደሆነም የአንቀጹን ጽሑፍ አንብበው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብለው ከነምክንያቱ ያስፍሩ።